የሰኞ ማጀንታ

«ልጄን እኮ ጎመን አደረጋችኋት!»

አቶ ቦልቴ ባነሩን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። ሰኞ ጠዋት ከቦምቤ በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጡት የልጃቸውን የምረቃ ባነር ሊወስዱ ነው። ልጅቷ በነርስነት ተመርቃለች። «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለው ጽሑፍ ጥሩ ወጥቷል። ጋውኑም ጥሩ ነው። ፊቷ ግን አረንጓዴ ነው። ይባስ ብሎ ከግንባሯ እስከ አገጯ ነጫጭ መስመሮች ተጋድመውባታል፤ ከአጥር ጀርባ ቆማ የምታይ ትመስላለች።

ሶልያና ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። የእናቷን ፊት አየችና ዋጠችው።

«ይቅርታ አባባ፣ ማሽኑ ነው» አለ ሠራተኛው ኤልሳዕ።

«ማሽን በገዛ እጁ ሰው አረንጓዴ ያደርጋል? ሐሙስ እንግዳ ይመጣል። ይህን ሰቅዬ፣ ልጅህን ምን ነካት ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ነገ ተሠርቶ ያድራል። ረቡዕ መጥተው ይውሰዱ» አለች የሶልያና እናት፣ ወይዘሮ አስካለች። «እኔ ነኝ ያልኩዎት።»

አቶ ቦልቴ ባነሩን ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ጣሉትና እያጉረመረሙ ወጡ።

ሱቁ የአስካለች ነው። ሶዶ ውስጥ ባነር ከሚያትሙት ቤቶች አንዱ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ማሽኑ ብቻውን ግማሹን ቤት ይዞታል። አስካለች ማሽኑን አትነካም። እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማረችው፤ ፊደል በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ታነባለች። ማሽኑን የሚያሠራው ኤልሳዕ ነው፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ፣ ተበላ ከምትባለው ከተማ መጥቶ መስከረም ላይ የተቀጠረ። ሶልያና ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ፈረቃዋ ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ታግዛለች። ቅዳሜ ኤልሳዕ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ እናቱ ወደ ተበላ ስለሚሄድ፣ ከሰዓት የመጣውን የምታትመውም ሱቁን የምትዘጋውም እሷ ናት።

«ቴስት ላድርግ ብዬ ነበር» አለ ኤልሳዕ በዝግታ። «ሰውዬው ቆመዋል፣ አትም አሉኝ።»

ኤልሳዕ ቁራጭ ባነር ላይ ቴስቱን አወጣ። ቴስት ማለት ማሽኑ አራቱን ቀለሞች እንደ ትናንሽ መሰላል አድርጎ የሚያወጣበት ነው። ጥቁሩ ሙሉ ነው፤ ሰማያዊውና ቢጫው እዚህም እዚያም ሳስተዋል። የማጀንታው፣ ማለትም የቀዩ፣ መሰላል ተሰባብሯል፤ ከአሥር ደረጃ ሦስቱ ነው የወጣው። ቀይ የሌለው ፊት አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህን ሶልያናም ታውቃለች።

ኤልሳዕ ሦስት ጊዜ ሄዱን አጠበ። ሄድ የሚሉት ቀለሙን የሚረጨውን ክፍል ነው። አልተከፈተም። ቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ እንደሆነ በስልኩ መብራት አየ፤ አየር የለም። በመርፌ ማጽጃ ፈሳሽ አስገብቶ ስድስት ሰዓት ሲሆን ማጀንታው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ።

አስካለች እስከዚያ ድረስ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እጁን እጁን ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ «ቀለሙ ውስጥ ምን ተጨመረበት?» አለችው።

ሶልያና ቀና አለች። ጥያቄው አይደለም ያስደነገጣት። እናቷ ከኤልሳዕ ጋር ሁልጊዜ የምታወራው በወላይትኛ ነበር። ይህን ግን በአማርኛ ነው ያለችው፤ ልክ እንደ ቢሮ።

ኤልሳዕም ገባው። «ምንም አልተጨመረም፣ እትዬ» አለ እሱም በአማርኛ።

ሊበላ ሲወጣ አስካለች ልጇን ጠራች። «ይሄ ስንተኛ ሰኞ ነው?»

«እኔ እንጃ እማዬ። ብዙ ነው።»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው። ማሽን ሰኞን በምን ያውቃል? ሰው ነው ሰኞን የሚያውቅ። ቅዳሜ ተበላ ደርሶ ይመጣል፣ ሰኞ ቀለሙ ይበላሻል። ዓይንሽን ጣይበት።»

ማክሰኞ ጠዋት ቴስቱ ያለ አንድ ጉድለት ወጣ። የአቶ ቦልቴ ልጅ መልኳ ተመልሶ፣ ጠይም ሆና፣ እየሳቀች ወጣች። ሶልያና ደስ ሊላት ሲል እናቷ በጆሮዋ፣ «አየሽ? ስናየው ይሠራል» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ሶልያና የምታየው ነገር ሁሉ ሌላ ሆነባት። ኤልሳዕ ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ መውጣቱ። ማሽኑ ስር ጎንበስ ብሎ መቆየቱ። የቴስት ወረቀቶቹም። ወረቀት ይሏቸዋል እንጂ የባነር ቁራጭ ናቸው። ኤልሳዕ የየጠዋቱን ቴስት ቀን ይጽፍበትና ሚስማር ላይ ይሰካዋል። ከቀኑ ስር «መጨረሻ የዘጋው» ብሎ ስሙን ያስቀምጣል። ሶልያና በዚያው ቀን ብቻዋን ከፋሲካ ወዲህ ያሉትን ስታገላብጥ፣ ጥሩዎቹ ሁሉ ላይ «ኤልሳዕ» ተጽፏል። የተበላሹት ላይ ቦታው ባዶ ነው። ሲበላሽ ስሙን አይጽፍም ማለት ነው፤ ብላ አሰበች።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዋ ለሜላት ነገረቻት። ሜላት ዓይኗ በራ።

«እኔ የማውቀውን ልንገርሽ? ቅዳሜ መናኸሪያ አየሁት፣ የናንተን ኤልሳዕ። በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ የተበላ መኪና ላይ ሲወጣ። ፌስታሉ ቀይ በቀይ ሆኗል።»

«አትቀልጂ።»

«እሙ ትሙት። ተበላ ደግሞ አዲስ ባነር ቤት ተከፍቷል፣ አጎቴ ነው የነገረኝ። ነቄ በይ እንጂ አንቺ ልጅ! የናንተን ማጀንታ እዚያ ይሸጣል፣ ለናንተ በውሃ ቀጥኖ ይቀመጥላችኋል።»

ነገሩ ሁሉ ገጠመ። ሶልያና ማታውኑ ለእናቷ ነገረቻት።

አስካለች አልጮኸችም። ስልኳን አንሥታ ወንጌላዊ ዳልጮ ዘንድ ደወለች። ወንጌላዊ ዳልጮ የተበላ ሰው ናቸው፤ ኤልሳዕ ሲቀጠር ዋስ ሆነው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። «ሰኞ አራት ሰዓት ይምጡልኝ» አለቻቸው። «ልጁ የያዘውን የሱቅ ቁልፍ እርስዎ ፊት ልቀበል።»

ሶልያና ዋስ ፊት ቁልፍ መመለስ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ከሥራ መውጣት ብቻ አይደለም። ዋስ የተጠራበት ልጅ ነገሩ ከእሱ ቀድሞ አገሩ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሰው ዞሮ ያየዋል፤ ሁለተኛ የሚፈርምለትም አያገኝም።

«ካልሰረቀስ?» አለች ሶልያና።

«አንቺ ነሽ እኮ የነገርሽኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሶልያና ማንም ሳያያት አራቱ የቀለም ጠርሙሶች ላይ፣ ቀለሙ እስከደረሰበት፣ በእስክሪብቶ ሰረዝ አደረገች። ስድስት ሰዓት ላይ ኤልሳዕ ቦርሳውን ሲያነሳ በፌስታል የተጠቀለለ ጠርሙስ አንገቱ ብቅ ብሎ አየች። እሱ እንደወጣ ሮጣ ጠርሙሶቹን አየች። ሰረዙና ቀለሙ እኩል ናቸው፤ ቢጎድል የአንድ ጣት ውፍረት አይሆንም፣ ያም ጠዋት የታተመው ነው።

ይህ አላስደሰታትም። ሌላ ቦታ የደበቀው ይኖራል፤ ብላ ተወችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልትዘጋ ስትል ወጥመዷን አጠመደች። በአራቱም ጠርሙስ ክዳን ላይ ፕላስተር ለጥፋ ፈረመችበት። ኤልሳዕ የበሩ ቁልፍ አለው፤ ስለዚህ ከቤት ሌላ ጓጉንቸር አምጥታ ደረበችበት። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ከእናቷ ቦርሳ በቀር የትም የለም። ከዚያ እንደ ወትሮዋ ሶኬቶቹን ሁሉ ነቀለች። ይህ የእናቷ ትእዛዝ ነው። ከፋሲካ ጥቂት ቀደም ብሎ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የጎረቤታቸው የወርቅውሃ ፍሪጅ ተቃጥሎባት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስካለች፣ «ቅዳሜ ስትወጪ አንድ ሶኬት ግድግዳ ላይ እንዳላይ!» ትላለች። ሶልያና አንድም ቅዳሜ ረስታ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከእናቷ ጋር ቀድማ መጣች። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ፕላስተሮቹ እንደተለጠፉ ናቸው፤ ፊርማዋ ንቅንቅ አላለም። በስልኳ መብራት ማሽኑን ዙሪያውን አየች። ክዳኑን ከፍታ ሄዱንም አየችው። ማታ ማታ የሚያርፍበት እርጥብ ስፖንጅ አለ፤ ቤቱ ይሉታል። ሄዱ ከቤቱ ከፍ ብሎ፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ቆሟል። እንደዚያ ነው የሚያድረው፤ ብላ ክዳኑን መለሰች። ሶኬቱን ሰካች፣ ማሽኑን አበራች።

ኤልሳዕ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ቴስቱን አወጣ።

ማጀንታው ተሰባብሯል። ካለፈው ሰኞም ብሷል።

«አየሽ?» አለች አስካለች። ለወንጌላዊው ለስላሳ ልትገዛ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሶልያና ግን ፕላስተሮቹን ነበር የምታየው። ማንም አልገባም። ኤልሳዕ ሲወጣ ቀለሙ ሙሉ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላም ከሰዓት የአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ባነር በራሷ እጅ አትማለች፤ መደቡ ደማቅ ቀይ ነበር፣ እንከን አልነበረውም። ስለዚህ ማጀንታው የተበላሸው እሷ ካተመች በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ የነበረው ማን ነው?

«ኤልሳዕ» አለች። «ያ ቅዳሜ የያዝከው ጠርሙስ ምንድን ነው?»

ኤልሳዕ መርፌውን እያጠበ ነበር። ዞረ። ለምን እንደጠየቀችው ሳይገባው አልቀረም፤ ፊቱ ጠቆረ። ግን ጎንበስ ብሎ ከማሽኑ ስር ያለችውን ጠርሙስ አሳያት። ሄዱ ሲታጠብ የሚወርደው ቆሻሻ ቀለም የሚጠራቀምባት ናት፤ ሁሉም ተቀላቅሎ ጥቁር ቀይ ሆኗል።

«ይሄን ነው። እናቴ ተበላ ገበያ በቆሎ ትሸጣለች። ጆንያዋ ላይ ምልክት ታደርግበታለች፣ መኪና ላይ ከሰው ጆንያ እንዳይቀላቀል። ዝናብ አያስለቅቀውም። እዚህማ የሚደፋ ነው።»

ሶልያና ዞራ የቀለም ጠርሙሶቹን አየች። ሰረዞቹ ትዝ አሏት። ከቅዳሜ ጀምሮ ሲነግሯት ነበር፤ እሷ ናት ያልሰማቻቸው።

«ታዲያ ሰኞ ሰኞ ለምንድን ነው የሚበላሸው?»

«እኔም ራሴን እያመመኝ ነው» አለ። «ሄዱ ክፍት ካላደረ እንዲህ አይደርቅም። ግን አንቺን በየሳምንቱ እጠይቅሻለሁ። በደንብ ዘግቻለሁ ትይኛለሽ።»

«እና?»

«እና ምን? ዘግቻለሁ ካልሽ ዘግተሻል። ለምን ትዋሺኛለሽ?»

ይህን ብሎ የወንጌላዊውን ወንበር ሊያወጣ ወደ ጓዳ ገባ።

ሶልያና ባለችበት ቆመች። እውነት ነው፣ አልዋሸችም። ከሷ በላይ የሚዘጋ የለም፤ ከሥር ከመሠረቱ ነው የምትነቅለው። ኤልሳዕም ማታ ማታ ሶኬት ሲነቅል አይታዋለች። ግን መስከረም ላይ የነገራት ነገር አሁን መጣባት። ቁርጥ ያለ ድምፁ ሁሉ መጣ። «ሶልያና፣ ይሄ ማሽን እንደ ቴሌቪዥን አይደለም። በራሱ ማጥፊያ ታጠፊዋለሽ፣ ሄዱ ወርዶ ቤቱ ይገባል፣ ጥ ይላል። ጥ ሳይል ሶኬት አትንኪ።» ያኔ እሺ ብላ ነበር፤ እስከ ፋሲካም እንደዚያው ስታደርግ ነበር። ከዚያ ፍሪጁ ተቃጠለ፤ እናቷ «ንቀይ!» አለች፤ እሷም ማጥፊያውን ትታ መንቀሉን ብቻ ይዛ ቀረች። ዛሬ ጠዋት በክዳኑ ያየችው ክፍተት ትዝ አላት። ከቅዳሜ እስከ ሰኞ አፉን ከፍቶ አድሮ የማይደርቅ ምን አለ?

ወረቀቶቹን ከሚስማሩ አወረደች። የተበላሹትን ለየች፤ የዛሬውን ጨምሮ ሰባት ናቸው። ስድስቱ ሰኞ ናቸው። አንዱ ሐሙስ ነው። ለአፍታ ደስ አላት፤ እሷ ረቡዕ አትዘጋምና። ከዚያ አስታወሰች። ያን ረቡዕ ኤልሳዕ አረካ ለቅሶ ሄዶ ነበር፣ እሷም ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥታ የዘጋችው ራሷ ናት። ባዶ የተተወው ቦታ የሱ ሽሽት አልነበረም። ያልዘጋበት ቀን ነው።

ወረቀቶቹን መልሳ ልትሰካ እጇ ሄደ። ማን ያውቃል? ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በሥርዓቱ ትዘጋለች፣ ጥ ሲል ትነቅላለች፣ ነገሩ ያበቃል። እናቷ አትቆጣም። ከማንም ጋር አትጣላም።

ግን ነገሩ ሲያበቃ ምን ይባላል?

የሚቀጥለው ሰኞ ቴስቱ ሙሉ ይወጣል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሰኞም። እናቷ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ፣ «አየሽ? እሱ ሲሄድ ዳነ» ትላለች። ለወርቅውሃ ትነግራለች፣ ለሜላት እናት ትነግራለች። ሶልያና በደንብ በዘጋች ቁጥር ኤልሳዕ ሌባ ይሆናል። በየሳምንቱ፣ በገዛ እጇ።

ውጭ የወንጌላዊ ዳልጮ ድምፅ ተሰማ። እናቷ ሰላም ስትላቸው፣ የቤተሰብ ጤና ስትጠይቅ፣ ለስላሳ ይዛ ስትገባ። አራት ሰዓት ሆኗል።

ወንበሮቹ ተደርድረዋል። ጠረጴዛው መሀል ነው። በአንድ ወገን አስካለች፤ ከጎኗ ለሶልያና በርጩማ አስቀምጣላታለች፣ ያየችውን እንድትናገር። በወዲያኛው ወገን ወንጌላዊው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፤ ከጎናቸው ኤልሳዕ። የሱቁን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል፤ እስኪጠየቅ አልጠበቀም። ማንንም አላየም።

«እንግዲህ ወንጌላዊ» አለች አስካለች በአማርኛ፣ «እኔ ሰው አላማም። የልጄ ዓይን ያየውን ነው የምናገረው። ነይ ሶልያና፣ ተቀመጪ።»

ሶልያና ማሽኑ አጠገብ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታቸው ነበር። «አንድ ጊዜ፣ እማዬ።»

«ምን ትሠሪያለሽ? ሰው ቆየ እኮ!»

«መጣሁ።»

የባነር መጻፊያው ወፍራም እስክሪብቶ እጇ ላይ ነበር። ሰባተኛውን ጨረሰች። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አለችበት። ከዚያ መጥታ ሰባቱንም ቁራጮች እናቷ ፊት አንድ በአንድ ደረደረቻቸው፤ ባዶ የነበረው ቦታ ሁሉ አሁን ተጽፎበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንብቢው።»

«አንቺ ንገሪኝ እንጂ! ዓይኔን አታድክሚ።»

«እነግርሻለሁ። መጀመሪያ አንቺ አንብቢው፣ እማዬ።»

አስካለች ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ወንጌላዊውን አየች። መነጽሯን ከቦርሳዋ አወጣች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ አደረገችው። ጣቷን የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ አሳረፈች።

«መ…ጨ…ረ…ሻ» አለች። «የዘ…ጋ…ው…»

ሶልያና በርጩማዋን ከእናቷ ጎን አነሳች። ጠረጴዛውን ዞረችና ኤልሳዕ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ተቀመጠችበት።

«ሶ…» አለች እናቷ፤ ጣቷ ቆመ።